የወረፋ ድንጋዮች

በአንዲት ደጋ ከተማ አንድ ሆስፒታል ነበር። ሲከፈት ትንሽ ነበር፤ ካርድ ክፍሉም እንደዚያው፦ አንድ ሠራተኛ፣ አንድ መስኮት፣ ሁለት የእንጨት መደርደሪያ። ካርዶቹ በቁጥር ተራ ተደርድረዋል። ቁጥሩን ይዞ ለመጣ ታካሚ ካርድ ማውጣት የደቂቃ ሥራ ነው። ቁጥሩ የጠፋበት ስሙን ይናገራል፤ ሠራተኛው ከመጀመሪያው ካርድ ጀምሮ አንድ በአንድ እየገለጠ ያነባል፤ ሻዩ ሳይበርድ ያገኘዋል። ይህ ሠራተኛ ወደ ሌላ ቦታ ሲዛወር፣ ለሚተካው ሰው አንድ ወረቀት ግድግዳው ላይ ለጥፎ ሄደ፦ «ካርዶቻችን 400 ናቸው። ቁጥር የጠፋበት ሰው ሲመጣ ከዳር ጀምረህ እይ።»

ምክሩ ትክክል ነበር። ለ400 ካርድ ሌላ ብልሃት መፈለግ ትርፉ ድካም ነው።

ዓመታት አለፉ። ከተማዋ ሰፋች፤ ከዙሪያዋ ገጠር በሽተኛ በቃሬዛም በባጃጅም ይጎርፍ ጀመር። ካርዶቹ 12,000 ደረሱ። ወረቀቱን ግን ማንም አልነካውም፤ ጠርዙ ቢጫ ሆኖ፣ ዝንብ አርፎበት፣ እዚያው ተለጥፎ ቀረ። አዲስ ሠራተኛ በመጣ ቁጥር እሱን አንብቦ ሥራ ይጀምራል።

ሕዝቡ ወረፋ ለመያዝ ሌሊት መምጣት ያዘ። የደጋው ብርድ አላስቆም ሲለው በራሱ ምትክ ድንጋይ እያስቀመጠ በየጥጋጥጉ ይጠለላል። አንድ ድንጋይ አንድ ሰው ነው። ዘበኛው ጠዋት በሩን ሲከፍት ከመስኮቱ እስከ አስፋልቱ የሚዘልቅ የድንጋይ ሰልፍ ይጠብቀዋል።

ሜዲካል ዳይሬክተሩ ስብሰባ ጠሩ። አንዱ «መደርደሪያው አርጅቷል፤ ብረት ይገዛ» አለ። ተገዛ። ሌላው «ሰው አንሷል» አለ። አንድ የነበረው ሠራተኛ አራት ሆነ። ወረፋው ለጥቂት ሳምንታት አጠረ፤ ከዚያ ወደ ቦታው ተመለሰ። በጠባቡ መተላለፊያ አራቱ ትከሻ ለትከሻ ይጋፉ ጀመር። ሦስተኛው «ችግሩ ስንፍና ነው» አለ። የክፍሉ ኃላፊ ተነሥቶ ሌላ ተተካ። ድንጋዩ ግን አልቀነሰም።

አንድ ቀን ዳይሬክተሩ ራሳቸው ሊፈትሹ ገቡ። «እስቲ የአንድ ሰው ካርድ በስሙ አውጡልኝ» አሉ። ከአራቱ ሠራተኞች አንዱ ልጅ ከአፍታ በፊት ፈልጎ ያገኘውን ስም ጠራና፣ ገና ጠረጴዛው ላይ የነበረውን ካርድ አንሥቶ ሰጣቸው። «ታዲያ ፈጣን ናችሁ'ኮ!» ብለው ወጡ።

በዚያው ሰሞን አንዲት ሲስተር ወደ ካርድ ክፍሉ ተመደቡ። ሠላሳ ዓመት ዋርድ ውስጥ ቆመው ሠርተዋል፤ አሁን ጉልበታቸው ስለታመመ ለጡረታ የቀራቸውን ጊዜ ተቀምጠው እንዲጨርሱ ነው። ልጆቹ ሲሮጡ እሳቸው መሮጥ አይችሉም። ስለዚህ ሌላ ሰው ያላሰበውን አሰቡ፦ «ለመሆኑ የሚሮጡት ወዴት ነው?»

ወደ ዳይሬክተሩ ቢሮ ሄደው «ዶክተር፣ ሦስት ቀን ይስጡኝ» አሉ።

«ምን ሊያደርጉበት ነው ሲስተር?»

«ልቆጥር።»

«ሕዝቡ ደጅ ቆሞ?»

«የልብ ምቱን ሳልቆጥር መርፌ የወጋሁት ሰው የለም፤ አሁን በእርጅናዬ አልጀምርም።»

ደብተራቸውን በአራት አምድ ከፈሉት፦ ምን ተጠየቀ፣ ፍለጋው ከየት ተጀመረ፣ ስንት ካርድ ተነካ፣ ስንት ደቂቃ ፈጀ። የእጅ ሰዓታቸውን ፈትተው ጠረጴዛው ላይ አኖሩ። በመጀመሪያው ቀን ልጆቹ ሳቁባቸው፤ በሁለተኛው ተለማመዷቸው፤ በሦስተኛው ራሳቸው ቁጥር ይነግሯቸው ጀመር።

ደብተሩ በቀን 300 ያህል ጥያቄ እንደሚመጣ አሳየ። 260ዎቹ ቁጥራቸውን ይዘው የመጡ ናቸው፤ እያንዳንዳቸው አንድ ደቂቃ ቢወስዱ ሁሉም ተደምረው አራት ሰዓት ተኩል አይሞሉም። ቁጥር የጠፋባቸው 40 ብቻ ናቸው። ለእያንዳንዳቸው ግን፣ ልጁ በወረቀቱ ምክር ከዳር ጀምሮ ሲገልጥ፣ በአማካይ 50 ደቂቃ ያልቃል። 40ው ሰው የአራቱን ልጆች 33 ሰዓት ይበላል ማለት ነው። ሰውየው እዚያ ታክሞ የማያውቅ ከሆነማ፣ «የለም» የምትለዋን አንዲት ቃል ለመናገር 12,000ውም ካርድ ይገለጣል።

ወረፋ የቆመው ሁሉ የሚጠብቀው እነዚህን 40 ሰዎች ነበር። ቁጥሩን በእጁ የያዘውም ጭምር።

ደብተሩ ሌላም ነገር ገለጠ። ከአንድ ዋርድ የሚላክ ልጅ ጠዋት ጠዋት 30 ጊዜ ይመላለሳል፤ በእያንዳንዱ ምልልስ የሚጠይቀው አንድ ካርድ ነው። አንዱን ብቻ ያየ ሰው «ይህማ ፈጣን ነው» ይላል፤ 30ውን የደመረ ግን ልጁ ግማሽ ቀን መንገድ ላይ መዋሉን ያያል። ሲስተር ጠርተው «ልጄ፣ 30ውን በአንድ ወረቀት ጽፈህ ና» አሉት። ያ ጉዳይ በዚሁ ተዘጋ።

ለ40ዎቹ ደግሞ መሳቢያ አሠሩ። መደርደሪያውን አልነኩም፤ ካርዶቹ በቁጥራቸው እንደቆሙ ናቸው። ለእያንዳንዱ ታካሚ የመዳፍ ያህል ትንሽ ወረቀት ተቆርጦ ስም፣ የአባት ስም፣ የአያት ስም፣ ከሥሩም የካርዱ ቁጥር ተጻፈበት። ወረቀቶቹ በሀሁ ተራ ተደረደሩ፦ መጀመሪያ በስም፣ ስም የተመሳሰለ በአባት፣ አባትም የተመሳሰለ በአያት። ልጁ አሁን ከዳር አይጀምርም። መካከል ላይ ይከፍታል፤ የሚፈልገው ወደፊት ነው ወይስ ወደኋላ? ግማሹን ይተዋል፤ የቀረውን እንደገና ለሁለት ይከፍላል። 12,000 ወረቀት ለሁለት ለሁለት ቢከፈል ከ14 ጊዜ አያልፍም። 50 ደቂቃ የነበረው ወደ አንድ ደቂቃ ወረደ።

ከዚያም ያንን ቢጫ ወረቀት ከግድግዳው ላይ ላጡት። ሥሩ ያለው ቀለም ገና አዲስ ነበር።

በሁለተኛው ወር አንድ ፖሊስ ራሱን የሳተ ሰው ይዞ መጣ። መኪና ገጭቶት ነው። ኪሱ ውስጥ የተገኘው መታወቂያ ተቀዶ የአባቱና የአያቱ ስም ብቻ ቀርቷል፦ «… ተሰማ ወልዴ»። ልጁ ሮጦ የተ መሳቢያን ከፈተ፤ ያገኘው ግን ራሳቸው ተሰማ የሚባሉትን ነው፤ ተሰማ የወለዳቸውን አይደለም። የተሰማ ልጆች ከሀ እስከ ፐ በየመሳቢያው ተበትነዋል።

«ሲስተር፣ መሳቢያው አልሠራም'ኮ!»

«ሠርቷል። አንተ ነህ በጓሮ የመጣኸው፤ በሩ ግን ያለው በፊት ለፊት ነው።» ደብተራቸውን ገለጡ። እንዲህ ያለ ጥያቄ በሁለት ወር አንዴ ነው የመጣው። «ለሁለት ወር አንዴ ሌላ መሳቢያ አላሠራም። አራታችሁም ተከፋፍላችሁ ከዳር እዩ፤ ዛሬ መሮጥ ተገቢ ነው።»

የባሰው ግን የመጣው ከፊደሉ ነው። ኃይሉ የተባለ ገበሬ መጣ። ልጁ በሀ ፈለገ፤ የለም። በሐ ፈለገ፤ የለም። ለካስ የጻፈው ሰው ከክፍሉ ማዶ በኀ መሳቢያ አኑሮታል። ከዚያ ቀን ጀምሮ ልጆቹ በመሳቢያው ተራ ማመን ተዉ። ኃይሉ ሲባሉ እያንዳንዱን ወረቀት አውጥተው ጮክ ብለው ያነባሉ፤ ድምፁ «ሃይሉ» ካለ ይይዙታል፣ ካላለ ይመልሱታል። መሳቢያው በቦታው አለ፤ ፍለጋው ግን ተመልሶ ከዳር መጀመር ሆነ።

ሲስተር አንድ ደንብ አወጡ። በወረቀቱ አናት ላይ ስሙ በአንድ ዓይነት ፊደል ይጻፋል፦ ሐም ኀም ሀ ይሆናሉ፣ ሠ ሰ ይሆናል፣ ዐ አ ይሆናል፣ ፀ ጸ ይሆናል። ሃና ኣም እንዲሁ ወደ ሀና አ ይመለሳሉ። ባለቤቱ የሚጽፍበት ፊደል ከሥሩ ይቀመጣል፤ የሰው ስም ክብሩ ነውና አይሰረዝም። የተጠየቀውም ስም በዚሁ ደንብ ይለወጣል። «ስሙን ደጅ ለውጠህ ግባ» አሉት ልጁን፤ «መሳቢያ ውስጥ ገብተህ 12,000 ስም ስትለውጥ አትዋል።»

ዳይሬክተሩ ተደሰቱ፤ ደስታቸውም ሌላ ጣጣ አመጣ። «መሳቢያ እንዲህ ከጠቀመ ይጨመራ!» አሉ። በቀበሌ፣ በዕድሜ፣ በጾታ፣ በሥራ ዓይነት፣ በበሽታ ዓይነት መሳቢያ ተሠራ። በፊት ለአንድ አዲስ ታካሚ አንድ ወረቀት ይጻፍ ነበር፤ አሁን ስድስት። ሥራውን ወይም ቀበሌውን የለወጠ ሰው ሲመጣ ደግሞ አሮጌው ወረቀት ከየመሳቢያው እየተለቀመ ይስተካከላል። ድንጋዮቹ ከፍለጋው መስኮት ጠፍተው በመመዝገቢያው መስኮት ተሰለፉ።

ሲስተር አንድ ቅዳሜ ከሰዓት ብቻቸውን ገቡ። በየመሳቢያው እጀታ ላይ ጣታቸውን አሳለፉ። የስሙ መሳቢያ እጀታ ከመነካት ብዛት አብረቅርቋል። የጾታው አቧራ ለብሷል፤ ለነገሩ «ወንድ» ብሎ የሚከፍተው ሰው ከ12,000 ወረቀት 6,000 ይቆየዋል፤ ምን ሊረዳው? የበሽታውን መሳቢያ ጤና ቢሮ ሪፖርት ሲጠይቅ በየወሩ ይከፍቱታል፤ እሱ ይቆይ። አቧራ የለበሱትን አራቱን ሰኞ አስወጧቸው።

ከዚያ ወዲህ በየወሩ አንድ ቀን ደብተሩን ይዘው ይቀመጡ ነበር። ጡረታ ሲወጡ ልጆቹ ሽኝት አዘጋጁላቸው። ዘበኛው ግን ወቀሳ ይዞ ነበር የመጣው፦ «ሲስተር፣ ሥራ ፈት አደረጉኝ። ሌሊት የማነጋግረው ሰው ጠፋ።» ድንጋዮቹን ለቅሞ የግቢውን የአበባ መደብ ዙሪያ ከቧቸዋል።

ይህ ምሳሌ ዳታቤዝ ለሚያሠሩም ለሚሠሩም ነው።

እ.ኤ.አ. በ1970 የአይቢኤሙ ኤድጋር ኮድ ብዙዎቹ የዛሬ ዳታቤዞች የቆሙበትን ሐሳብ አሳተመ። ፍሬ ነገሩ ጠያቂውን ከመንገድ ጣጣ ነፃ ማውጣት ነው፦ ጠያቂው የሚፈልገውን ይናገር፤ የት እንደተቀመጠና በየት በኩል እንደሚደረስበት የማሽኑ ጉዳይ ይሁን። በ1979 ፓትሪሺያ ሴሊንገርና ባልደረቦቿ እዚያው አይቢኤም ውስጥ፣ ማሽኑ የተለያዩ መንገዶችን ወጪ ገምቶ ርካሹን እንዴት እንደሚመርጥ አሳዩ። በሁለቱ መካከል፣ በ1972፣ ሩዶልፍ ባየርና ኤድዋርድ ማክክራይት ቢ-ትሪ የተባለውን አደራደር አሳተሙ፤ የሲስተር መሳቢያ እሱ ነው፤ እኛም ኢንዴክስ እንለዋለን።

መንገዱን ለማሽኑ መተው ትልቅ ምቾት ነው፤ ምቾቱ ግን መንገዱን ከዓይናችን ሰወረው። አንድ መስመር ኩዌሪ (ጥያቄ) 1 ካርድ ሲነካም 12,000 ሲነካም መስኮቱ ላይ ለቆመ ሰው መልኩ አንድ ነው። ስለዚህ ሲስተሙ ሲዘገይ እጃችን ወደምናውቀው ይሮጣል፦ ራም ይጨመር፣ ሰርቨር ይቀየር፣ ፕሮግራመሩ ሰነፍ ነው።

ደብተሩ ግን ተዘጋጅቶ ይጠብቀናል። ማይኤስኪውኤል የተባለው ዳታቤዝ የዘገዩ ጥያቄዎችን ለብቻ የሚጽፍበት መዝገብ አለው፤ ካበሩትም በኋላ ገደቡን ካልለወጡት የሚይዘው ከ10 ሰከንድ የበለጠውን ብቻ ነውና፣ በቀን ሺህ ጊዜ የሚመላለሰው የዋርዱ ልጅ አይታይበትም። ፖስትግሬስ በተባለው ሌላ ዳታቤዝ ፒጂ ስታት ስቴትመንትስ የሚባለው ቅጥያ ግን እያንዳንዱ ጥያቄ ተደምሮ የበላውን ጊዜ ያሳያል። ቀጥሎ ጥፋተኛውን ጥያቄ ኤክስፕሌይን አናላይዝ በሚባለው ትእዛዝ ማስሄድ ነው፤ የሄደበትን መንገድ እርምጃ በእርምጃ ያወጣዋል። ጥንቃቄ ግን ያሻል፦ ጥያቄውን በትክክል ስለሚያስፈጽመው፣ የሚሰርዝ ትእዛዝ ከሆነ ይሰርዛል፤ በትራንዛክሽን ጠቅልሎ መመለስ ይገባል። ሁለተኛው ሙከራ ፈጠነ ብሎ መፈንጠዝም የዳይሬክተሩ ጉብኝት ነው፤ ካርዱ ጠረጴዛ ላይ ነበር።

ኤክስፕሌይን አናላይዝ በሚያወጣው ዝርዝር ውስጥ ሁለት ቁጥር ጎን ለጎን ይቆማል፦ ማሽኑ የገመተው የረድፍ ብዛትና በእውነት ያገኘው። 400 ገምቶ 12,000 ካገኘ፣ ያ ብዙ ጊዜ ግድግዳው ላይ ያለው ወረቀት ነው። ማሽኑ አልተሳሳተም፤ የድሮ ወሬ ነግረነዋል። ፖስትግሬስ ይህን ቆጠራ በየጊዜው ራሱ ያድሳል፤ ብዙ መረጃ በአንድ ጊዜ ከተጫነ በኋላ ግን አናላይዝ የሚለውን ትእዛዝ በእጅ መስጠት ብልህነት ነው።

የፊደሉ ነገር ደግሞ የራሳችን ዕዳ ነው። ለኮምፒውተር ሀ፣ ሐ እና ኀ ሦስት የተለያዩ ቁጥሮች ናቸው። ስሙን በፍለጋው ሰዓት ረድፍ በረድፍ እየለወጠ የሚያወዳድር ፕሮግራም፣ በስሙ ዓምድ ላይ ኢንዴክስ ቢኖረውም አይጠቀምበትም፤ ጮክ ብለው እንደሚያነቡት ልጆች ነው። የተስተካከለውን ስም በሌላ ዓምድ አስቀምጦ ኢንዴክሱን እዚያ ላይ መሥራት ይሻላል። በፖስትግሬስ ደግሞ ኢንዴክሱን በለውጡ ውጤት ላይ መሥራትም ይቻላል። ስም፣ አባት፣ አያት ብሎ የተሠራ ኢንዴክስም በአባት ስም ብቻ ለመጣ ብዙ አይረዳም።

የቸኮለች አፍሳ ለቀመች ይባላል። ኢንዴክስ ያለ ቆጠራ የደረደረም መልቀሙ አይቀርለትም፤ እያንዳንዱ ኢንዴክስ በምዝገባው ሰዓት የሚከፈል ዋጋ ነውና። የትኛው እጀታ እንደሚያብረቀርቅ፣ የትኛው አቧራ እንደለበሰ ዳታቤዙ ቆጥሮ ይዟል፤ ጠይቁት። አዲስ ሰርቨር ይገዛ የሚለውን ደብዳቤ ከመፈረማችሁ በፊት ደግሞ ወደ ውስጥ ግቡና ግድግዳው ላይ የተለጠፈውን አንብቡ፤ መቼ እንደተጻፈም እዩ።